ሰባተኛው ወረቀት

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ ሎጋው ነው የሚለው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት ነው፤ ከዚህም አብዛኛው እግር ነው። ሙያውን ያስተማሩት አሮጌ ሰፊ ለሠርጉ ሙሉ ልብስ ሲለኩት፣ «አንተ ልጅ፣ ሱሪህ ተሰፍቶ ሲያልቅ ለኮቱ ጨርቅ አይተርፍም» ብለው ስቀውበት ነበር። ጢምም ብዙ አላስቸገረውም። አንድ ምላጭ ወር ተኩል ያቆየዋል። ይህን እንደ ዕድል ነበር የሚቆጥረው። «ሌላው ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሲላጭ እኔ ሁለት ኮሌታ እሰፋለሁ» ይላል።

ሥራው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ሱቁ ከአንድ ትምህርት ቤት አጥር ፊት ለፊት ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በመስኮቱ በኩል የእሱ የስፌት መኪና ተቀምጧል፤ በጓዳው በኩል ወፍራም ብርድ ልብስ የተነጠፈበት የመተኮሻ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው የካውያ ነው። ካውያ ልብስ ተኳሹ ነው፤ የመሣሪያው ስም ስሙ ሆኖ ቀርቷል። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። አራት ልጆች አሉት። የአራቱንም ዩኒፎርም የሚሰፋው ሎጋው ነው።

ሎጋው የልኬት ደብተር አለው። ልጆቹ በየዓመቱ ሲመጡ አዲሱን ልክ ካለፈው ዓመት ጎን ይጽፋል፤ የሱሪ ቁመት ስልሳ ሁለት፣ በዓመቱ ስልሳ ስድስት። ሱሪ ሲሰፋ ከታች አራት ጣት እጥፍ ይተዋል፤ ልጁ ሲያድግ እናቱ ፈትታ እንድታስረዝመው ነው። ሌሎቹ ሰፊዎች ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚተዉት።

«አንተ ነግደህ አታድርም» ይለዋል ካውያ። «ጨርቁን ሁሉ ለሰው ልጅ ማደጊያ እየተውክ!»

የሎጋው ሚስት የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ወረቀት አትጥልም። ቤታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ሰማያዊ ማኅደር አለ፤ ልጅ ፍለጋ የተመላለሱበት አሥራ አንድ ዓመት በሙሉ እሱ ውስጥ በቀን ተራ ታስሯል። እያንዳንዱ ወረቀት ራስጌው ላይ በቀይ ቁጥር አለው። ከሁሉም በላይ በእጇ የጻፈችው ማውጫ ተቀምጧል። አንድ፣ የእሷ የደም ምርመራ። ሁለት፣ የእሷ አልትራሳውንድ። እንዲህ እያለ ይሄድና ሰባት ላይ ሲደርስ፣ «የእሱ የዘር ፈሳሽ ምርመራ፤ ውጤቱ ደህና» ይላል። ከዚያ በኋላ እስከ ሠላሳ አራት ድረስ ያለው ሁሉ የእሷ ነው።

ከሠላሳ አራቱ ወረቀት የእሱ ሰባተኛው ብቻ ነበር። እሱም የእሱ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የዚያን ጊዜው ሐኪም ሚስቱን ሲመረምር ቆየና፣ «ለማንኛውም የባልሽንም ውጤት አምጪ» አላት። ሁለቱም ነገሩን የያዙት እንደ ፎርም ማሟያ ነበር። ባል ጤነኛ ነው፣ ቁመናው ያምራል፣ ትዳሩም ትዳር ነው፤ ምን ይጎድለዋል?

ላብራቶሪው አንዲት ጠባብ መጸዳጃ ቤት አሳየው። በሯ በደንብ አይገጥምም፤ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ወሬ ጆሮው ሥር ነው። ሎጋው ዓይን አፋር ነው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የናሙናውን ዕቃ ባዶውን ይዞ ወጣ። የላብራቶሪው ልጅ፣ «ችግር የለም፣ ከውጭም ማምጣት ይቻላል። አንድ ሰዓት ሳይሞላው፣ ደረት ኪስዎ ውስጥ ሙቀቱን እንደጠበቀ» አለችው። ሱቁ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሄደ። ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጀርባ ተደብቆ ሞከረ። ላብ አጥምቆት ወጣ።

«ምን ሆነሃል? ሰው የገደልክ ትመስላለህ» አለው ካውያ።

ነገረው። ካውያ ካውያውን አቁሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ለዚህ ነው? አምጣ ወዲህ! እኔ ቤት እኮ፣ በር ላይ ቆሜ ካስነጠስኩ ሚስቴ ታረግዛለች።»

«ተው እንጂ፣ ይሄ እኮ ሕክምና ነው።»

«ምን ተው! እነሱ የሚፈልጉት ወረቀት ነው። ያንተ ምን ይጎድለዋል? ቁመት እንደሁ የሁለት ሰው አለህ። ሴትዮዋን ደህና አድርገው ይዩአት፤ ያንተ ለመዝገቡ ነው።»

የዘሩ ቁጥር ስልሳ ሚሊዮን ሆኖ መጣ። ካውያ አንድ ሳምንት ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ። «ስልሳ ሚሊዮን! የአገር ሕዝብ እኮ ነው! ባንዲራ ብቻ ነው የቀረኝ!» ሎጋውም አብሮት ሳቀ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሎጋው የጠየቀ ሐኪም የለም። ወረቀቱ አለ፤ ወረቀቱ ደህና ነው ይላል። ስለዚህ ሁሉም ሚስቱ ላይ ዘመተ። የማህፀን ቱቦ ራጅ ተነሳች፤ ያን ቀን ግድግዳ እየያዘች ነው ወደ ቤቷ የገባችው። ሆዷን የሚነፋ ክኒን ዋጠች። ኦፕራሲዮን ተደረገች፤ እምብርቷ አጠገብ ሦስት ትንንሽ ጠባሳ ቀረ። በሄደች ቁጥር ሎጋው አብሯት ይሄዳል፤ ቦርሳዋን ይይዝላታል፤ በየመተላለፊያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። በጠበቃትም ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ ይላል። ሳይደርቅ በርጥቡ ይባላል። በመጀመሪያው ወር ተናግሮት ቢሆን ቀልድ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጥፋት ሆነ። በአምስተኛው ዓመት ምን ተብሎ እንደሚጀመር ራሱ ጠፋው። ደግሞም ለራሱ፣ «እኔ ሳልመረመር ቀረሁ እንጂ ታመሃል ያለኝ የለም» ይል ነበር።

እናቱ ከእነሱ ሁለት መንገድ አልፈው ነው የሚኖሩት። ቤት በመጡ ቁጥር አንድ ቃል ሳይጥሉ አይሄዱም። «ልጄስ በወረቀት ተረጋግጦለታል። መሬቱ ካላበቀለ ዘሪው ምን ያድርግ?» ይላሉ፤ ለልጃቸው የሚናገሩ መስለው። ሚስቱ ብርጭቆ ታጥባለች፤ የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች።

አርባ አንድ ዓመት ሲሞላት፣ የሴትንና የወንድን ዘር ከማህፀን ውጭ አገናኝተው ጽንሱን የሚመልሱበት ክሊኒክ መኖሩን ሰማች። «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አለች። ሄዱ። ዶክተሯ መነጽር ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ወጣት ሴት ናት። ሚስቱ ማኅደሩን ልትፈታ ስትል ዶክተሯ እጇን አንስታ፣ «የድሮውን በኋላ አየዋለሁ። መጀመሪያ በራሴ መንገድ ልመርምር፤ ከእሳቸው ልጀምር» አለችና ወደ ሎጋው ዞረች።

«ቁመትዎንና የክንድዎን ርዝመት ልለካ።»

«ቁመት መቶ ሰማንያ ስምንት። ክንድ ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ መቶ ዘጠና አምስት። የውስጥ እግር ዘጠና ስድስት» አለ በአንድ ትንፋሽ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አቁማ አየችው።

«ልብስ ሰፊ ነኝ» አለ አፍሮ።

ከመጋረጃው ጀርባ መረመረችው። ቆለጡ ትንሽና ጠንካራ መሆኑን ነገረችው። የሰውን ሁሉ ልክ ሲወስድ የኖረ ሰው ነው፤ ይህን ግን ከማን ጋር አስተያይቶ ያውቀዋል? ከዚያ ቁልፍ ያለው ንጹሕ ክፍል ሰጡት። በዚህኛው ጊዜ ራሱ ሰጠ። ውጤቱ ዜሮ ሆነ። በሁለት ሳምንት ደገመ። አሁንም ዜሮ።

«ወደ ሕክምናው ከመግባታችን በፊት የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል» አለች ዶክተሯ። «ክሮሞዞምዎን እናያለን። ምክንያቱን ሳናውቅ ባለቤትዎን በመርፌ ማንገላታት አልፈልግም።»

ሎጋው ጫማውን ተመለከተ።

«ዶክተር፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እኮ ደህና ነበር» አለች ሚስቱ። «ወረቀቱ አለኝ።»

«ለውጤቱ ቀን ይዘሽው ነይ። ያን ጊዜ የነበረ ዘር ዛሬ የት ሄደ የሚለው ብዙ ነገር ይነግረናል።»

ነርሷ ደም ስትቀዳ ስሙን ብልቃጡ ላይ ጻፈችና፣ «ያንብቡልኝ፣ የእርስዎ ነው?» አለችው። አነበበው። የእሱ ነበር።

ውጤቱ አራት ሳምንት ይፈጅ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚስቱ ወደ እህቷ ቤት ስትሄድ፣ ሎጋው ቁም ሳጥኑን ከፈተ። የማኅደሩን ክር ፈታ። ሰባተኛውን ወረቀት አወጣ። እጁ ላይ ይዞት ቆመ። ከዚያ ማውጫውን አየ። ስምንተኛው ወረቀት ላይ ያለውን ቀይ ቁጥር አየ። ሰባት ከሌለ፣ ካለበት ጊዜ የበለጠ ይጮሃል። መልሶ አስገባው፤ ክሩንም አሰረ።

ሚስቱ ከሰዓት በኋላ መጥታ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት፣ «ማኅደሩን አይተኸዋል እንዴ?» አለችው።

«እ… እንዲያው ነው።»

«ቋጠሮው ያንተ ነው። የሰፊ ቋጠሮ።» ሳቀች። እንደ እሷ ጓጉቶ፣ ቀኑ አልደርስ ብሎት የከፈተው መሰላት። እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር።

የውጤቱ ቀን ዶክተሯ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አጫጭር፣ ጥቋቁር፣ ሽንትር ሽንትር ያሉ ነገሮች እንደ ካልሲ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረውበታል።

«ሰው አርባ ስድስት ክሮሞዞም ነው ያለው። እርስዎ አርባ ሰባት አለዎት። ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው፤ እርስዎ ግን ከዋዩ ጋር ሁለት ኤክስ ነው ያለዎት። ይኸውልዎ፣ እዚህ ጋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ሎጋው።

«ከተጸነሱ ጀምሮ። እርስዎ ያመጡት አይደለም፤ በዘር የወረደብዎም አይደለም። ገና ከመነሻው፣ ክሮሞዞሞቹ ሲከፋፈሉ የሚፈጠር ስህተት ነው። ከስድስት መቶ ወንድ አንዱ ገደማ አለበት፤ ብዙዎቹ ሳያውቁት ነው የሚኖሩት። ቁመትዎም፣ ጢምዎም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ወንድነትዎን የሚነካ ነገር የለውም። ቆለጡ ግን ዘር ማምረት ያቅተዋል።»

«ምንም አይደረግም?» አለች ሚስቱ።

«በኦፕራሲዮን ውስጥ ገብቶ መፈለግ አለ። በወጣትነት ከሁለት ሰው ለአንዱ ሊገኝ ይችላል። እየቆየ ሲሄድ ያለውም ይደርቃል። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ የሆርሞን መጠን…» ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «ተስፋ ሰጥቼ አልዋሻችሁም። ቢገኝ እንኳ ያንቺም እንቁላል አርባ አንድ ዓመቱ ነው።»

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቢሆንስ?» አለች ሚስቱ።

«ያን ጊዜማ ሁለታችሁም ሠላሳ ሁለት ዓመታችሁ ነበር። ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።»

ሚስቱ ያን ጊዜ ወረቀቱ ትዝ አላት። ክሩን ፈታች፤ ሰባተኛውን ወረቀት አውጥታ ገፋ አደረገችላት። ዶክተሯ አነበበችው። ደገመችው።

«ይሄ የእርስዎ ሊሆን አይችልም» አለች። «ይህ ክሮሞዞም ያለው ሰው ስልሳ ሚሊዮን አይኖረውም። ላብራቶሪው ናሙና ሳያቀያይር አልቀረም። አንዳንዴ ያጋጥማል።»

ሎጋው ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ነቀነቀ።

ውጭ ሲወጡ ሚስቱ ፈጥና ትራመድ ነበር፤ ረጅሙ ሰውዬ ነው ለመድረስ የተቸገረው።

«ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ዓመት በሰው ወረቀት! አሁኑኑ ላብራቶሪው ሄደን መዝገባቸውን እናስወጣለን።»

«ተይው በቃ። አሁን ምን ይጠቅመናል?»

«እኔስ ይቅርብኝ። ያኛው ሰውዬስ? ያንተን ዜሮ ይዞ የሄደው? ስልሳ ሚሊዮን እያለው መካን ነህ ተብሎ ይሆናል እኮ። ሚስቱ ትታው ሄዳ ቢሆንስ? እስከ ዛሬ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ቢሆንስ? ቀኑና ቁጥሩ አለን፤ ይገኛል። መዝገብ አይጠፋም፣ ሥራዬ ነው።»

አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ደርሰው ቆሙ። ሎጋው የማያውቁት ሰውዬ ሲታዘንለት መስማት አልቻለም። ለራሱ ቢሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ችሎበት የለ።

«ያ ሰውዬ የለም» አለ።

«እንዴት የለም?»

«የተቀያየረ ነገር የለም። ዕቃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ውስጡ ያለው ግን የኔ አልነበረም።»

አውቶቡሱ መጣ። ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ። ሄደ።

«የማን ነው?»

«የካውያ። አልሆን አለኝ፤ አፈርኩ። እሱ ደግሞ ቀልድ መሰለው…»

«ከኦፕራሲዮን የወጣሁ ቀን አልጋዬ አጠገብ ነበርክ። እጄን ይዘህ ነበር።»

«አዎ።»

«ያን ጊዜም ታውቅ ነበር።»

«ችግሩ ከኔ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

«ሳትመረመር መቅረትህን ታውቅ ነበር።»

«አዎ» አለ።

 ቤት እንደገቡ ኮቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ሰባተኛውን ወረቀት አወጣች፤ እስክሪብቶ አስቀመጠችለት።

«መዝገብ ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፤ አይቀደድም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ የተሰረዘውም መነበብ አለበት። እርማቱ ከጎኑ ይጻፋል። ያረመው ሰው ይፈርማል።»

ሎጋው ስሙን በአንድ መስመር ሰረዘ። ያለ ማስመሪያ ጨርቅ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያሰምር ሰው፣ ያን ቀን መስመሩ ጠመመበት። ከጎኑ፣ «ይህ ናሙና የእኔ አይደለም። አውቄ የሌላ ሰው ሰጥቻለሁ» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

«ኦፕራሲዮኑን ላድርገው» አለ። «ትንሽ እንኳ ብትኖር…»

«ለኔ ብለህ አታድርገው። እኔ ከእንግዲህ አልወጋም። ሠላሳ አራት ወረቀት ይበቃኛል።» ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። «አንድ ነገር ብቻ ታደርግልኛለህ። ይሄንንና የክሮሞዞሙን ይዘህ እናትህ ዘንድ ትሄዳለህ። በራስህ አፍ ትነግራቸዋለህ። ልጅ አይሰጠኝም፤ ስሜን ግን ይመልስልኛል።»

እሑድ ከሰዓት ሄደ። እናቱ መስኮት ሥር ተቀምጠው ካልሲ ይጥፉ ነበር። ልጃቸው ልብስ ሰፊ ሆኖ ሳለ ካልሲያቸውን ለማንም አይሰጡም። ሎጋው ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፤ ላብራቶሪውን፣ ካውያን፣ ዘጠኙን ዓመት፣ ዶክተሯ ያለችውን። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ብዙ የተናገረበት ጊዜ የለም። ወረቀቶቹንም ሰጣቸው። እናቱ የክሮሞዞሙን ወደ ብርሃኑ አነሱት።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ትል ነው?»

«ክሮሞዞም ነው፣ እማዬ። እኔ አንድ ትርፍ አለኝ።»

«ትርፍ ያለው ሰው ምን ይጎድለዋል?»

«እማዬ፣ አልገባሽም። ችግሩ የኔ ነው። ከተጸነስኩ ጀምሮ የኔ ነው።»

«ከተጸነስክ ጀምሮ? እና አሁን ደግሞ ወደ እኔ ዞረ?» መነጽራቸውን አስተካክለው ሰባተኛውን ወረቀት አዩ። የተሰረዘውን አነበቡ። እርማቱን አነበቡ። ፊርማው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ሚስትህ የት ነው የምትሠራው?»

«መዝገብ ቤት። ታውቂያለሽ እኮ።»

«እኔማ አውቃለሁ። አንተ ነህ የማታውቀው። ከወረቀት ጋር ውላ የምታድር ሴት ወረቀት ይቸግራታል? ‹ደህና ነው› ይል የነበረውን አሰርዛ፣ በገዛ እጅህ አስፈርማህ፣ ጭራሽ እናትህ ዘንድ ላከችህ።»

«አላስገደደችኝም! እኔ ነኝ ያታለልኳት…»

«አንተ ከልጅነትህም እንዲህ ነህ። የሰው ጥፋት ተሸክመህ ትመጣለህ።» ወረቀቶቹን አጥፈው ደረት ኪሱ ውስጥ ከተቱለት፤ ኪሱንም መታ መታ አደረጉ። «ሂድ፣ የኔ ልጅ። እኔ ለማንም አልናገርባትም።»

ሚስቱ በሩን ከፍታ ትጠብቀው ነበር። መዋሸት ይችል ነበር። ዓይኗን ሲያይ አልቻለም።

«ምን አሉ?»

«አላመኑኝም።»

«ፊርማውን አሳየሃቸው?»

«አሳየኋቸው። ያንን ሲያዩ ነው ጭራሽ የባሰባቸው።»

 ወረቀቱን እሷ ያዘጋጀችው እንደመሰላቸው ገባት፤ አጭር ሳቅ ሳቀች። ወረቀቶቹን ተቀበለችው። ማውጫው ላይ «ሠላሳ አምስት፣ የእሱ ክሮሞዞም» ብላ ጻፈች። ክሩን በራሷ ቋጠሮ አሰረችና ማኅደሩን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ የክረምት ብርድ ልብስ ከሚቀመጥበት ኋላ ገፋችው።

አሁንም አብረው ነው የሚኖሩት። ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ በሩ መቀርቀሪያ ይነጋገራሉ። ሱቁ እንደ ድሮው ነው። ካውያ ሁሉን ከሰማ ወዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ አይቀልድም፤ አንገቱን ደፍቶ ይተኩሳል። ትምህርት ሲከፈት አራቱ ልጆቹ ይመጣሉ፤ ሎጋው ተንበርክኮ ይለካቸዋል፤ ካለፈው ዓመት ጎን ይጽፋል፤ አራት ጣት ይተውላቸዋል።

እናቱ ቃላቸውን አልጠበቁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሚስቱ ጆሮ ደርሷል። ሰፈሩ ውስጥ እስከ ዛሬ መካኗ እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ ባሏን በወረቀት ያዋረደች።